ተቃጥለዋል የተባሉት ካርዶች

ካርድ ያዧን በቅርብ አላውቃትም፤ የማውቃት በመሬት መዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰፈሩን ባለ ቤቶች ካርድ ስትይዝ ኖራለች።

አምና በነጻ ላገልግል ያለ የኮምፒውተር አማካሪ ከባሕር ማዶ መጣ። ሦስት ወር ከአለቃዋ ጋር ፎቶ ሲነሳ ከረመ፤ እሷን ግን አንዲት ቃል አልጠየቃትም። የሠራው ፕሮግራም ፋይል የሚፈልገው በቤት ቁጥር ነው። ሰፈራችን ደግሞ የቤት ቁጥር ኖሮት አያውቅም። አለቃ ተብዬው ይህን እንኳ ሳያጣራ አጨበጨበና የድሮዎቹ ካርዶች እንዲቃጠሉ አዘዘ። «ካርድ ደብቆ የተገኘ ሠራተኛ ይባረራል» የሚል ማስታወቂያም በሩ ላይ ለጠፈ።

ትናንት የቤቴን ማስረጃ ልጠይቅ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» አለ።

«ከመጣ ጀምሮ ሌላ ቃል አያውቅም» አለችኝ። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ። ይልቅ ጎረቤትህ ማነው፣ ወንድም ዓለም?»

«ባለ ወፍጮው።»

ወደ ውስጥ ገባችና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ማስረጃዬን ከካርዴ ገልብጣ ተመለሰች።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እህት ዓለም፣ ተቃጥለዋል አልተባለም እንዴ? የት ደብቀሻቸው ነው?» አልኳት።

ወረቀቴ ላይ ማኅተሙን መታችና ከኋላዬ ያለውን ሰው አሻግራ እያየች፣ «ባለ ተራ!» አለች።