ከትከሻ በታች

ካምፑን የምትባለው አክስቴ ስትሞት ልጇ ሳዌንግ አላለቀሰም። የሚነዳውን የተማሪዎች ሚኒባስ ደጅ አቁሞ መጣ፣ ጫማውን ደረጃው ሥር አወለቀ፣ ወጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና የተኛችበትን ምንጣፍ ጠርዝ ይዞ ቆየ። "ብላ" ሲሉት ሩዙን በጣቱ ጠቅልሎ ይበላል፤ "ተነስ" ሲሉት ይነሳል። ሐዘንተኛ ብዙ አይቻለሁ። የሚጮህ አይቻለሁ፣ ሰክሮ የሚደባደብም አይቻለሁ። እንደሱ ደንዝዞ የተቀመጠ ግን አላየሁም፤ እውነቱን ለመናገር አናዶኝ ነበር።

እናቴ ማሊዋን የሟቿ ታላቅ እህት ናት። በዘመዶቻችን ዘንድ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው እሷ ናት። መነኮሳቱ ጸሎታቸውን አድርሰው እንደሄዱ ሳዌንግን ጠራችው።

"ሬሳዋ በሚቃጠልበት እሳት ፊት የምትመነኩሰው አንተ ነህ። ለአንድ ቀን ነው። ራስህን ትላጫለህ፣ ቢጫውን የመነኩሴ ልብስ ትለብሳለህ፣ ከሬሳ ሳጥኗ የታሰረውን ክር ይዘህ ከፊት ትሄዳለህ።"

"እሺ፣" አለ ሳዌንግ። "እሺ" ያለበት ድምፅ ቤንዚን ሙላ ሲባል እሺ የሚልበት ድምፅ ነበር። ከዚያ ወጥቶ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ፣ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ተቀመጠ። ሙቀቱ ሰው ይቀቅላል።

እኛ ዘንድ እናት ወደ ሰማይ የምትወጣው የልጇን ቢጫ ልብስ ጫፍ ይዛ ነው። አክስቴ ካምፑን ከሱ ሌላ ልጅ የላትም። ሃያ ዓመት ሲሞላው ይመነኩስልኛል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ባንኮክ ለሥራ ሄዶ ነበርና "ለከርሞ" አላት። ለከርሞም ለከርሞ አላት። ከዚያ በኋላ ደግሞ የፀጉሩ ጉዳይ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ራሱን እንዲነካው አልፈቀደም።

ሳዌንግ ፀጉር የለውም። ራሱ ላይ የሚታየው ከከተማ የተገዛ ዊግ ነው፤ በማጣበቂያ የተለጠፈ። ይሄን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። መንደሩ ማወቁን የማያውቀው ሳዌንግ ብቻ ነው።

ፀጉሩ መሳሳት የጀመረው ገና ሃያዎቹን ሳያጋምስ ነው። መጀመሪያ ከግንባሩ ግራና ቀኝ ሸሸ፣ ቀጥሎ አናቱ ላይ ቆዳው ብቅ አለ። ጓደኞቹ አልማሩትም። "ሳዌንግ፣ ግንባርህ ጓዙን ጠቅልሎ የት ሊሄድ ነው? ሸኘው እንጂ!" ይሉታል። አብሯቸው ይስቅና በማግስቱ ኮፍያ ይገዛል።

አክስቴ ያልሞከረችበት ነገር አልነበረም። ቆዳው የተሸበሸበ ሎሚ ከሰል ላይ ጠብሳ ጭማቂውን ራሱ ላይ ታሻለች። ሰማያዊዋን የአጥር አበባ ወቅጣ ትለጥፍበታለች፤ ሰውዬው ጆሮው ድረስ ሰማያዊ ሆኖ ሥራ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ታምን ነበር።

"ተላጭ! የተላጨ ፀጉር ወፍሮ ነው የሚበቅለው። መንኩስልኝና ተላጭ፤ አንተም ፀጉር ታገኛለህ፣ እኔም ሰማይ ቤት እገባለሁ።"

የሷ ነገር እንዲህ ነው፤ በአንድ ጉዞ ሁለት ጉዳይ መጨረስ ትወዳለች።

በመጨረሻ ኮን ኬን ከተማ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ እሱ፣ አክስቴና እኔ። ሐኪሟ ገና ወጣት ሴት ነበረች። ራሱን በማጉያ መነጽር ስታየው ቆየችና ጥያቄ ጀመረች። በድንገት ነው የረገፈው ወይስ ቀስ እያለ? ክብ ክብ ሆኖ ባዶ የቀረ ቦታ ነበር? ያሳክክሃል? በቅርቡ ከባድ ትኩሳት ይዞህ ነበር?

ቀስ እያለ ነው፤ ለሌላው ሁሉ የለም አለ።

"ይሄን ሁሉ የምጠይቅህ ፀጉር የሚረግፈው በአንድ ምክንያት ብቻ ስላልሆነ ነው፣" አለችው። "ደም ማነስ ያረግፋል፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር ያረግፋል፣ የራስ ቆዳ ፈንገስም ያረግፋል። እነሱ ሲታከሙ አብዛኛውን ጊዜ ፀጉሩ ይመለሳል። ያንተ ግን የዘር ነው። ሥሩ አንድ ቀን ተነስቶ አይሞትም፤ የወንድ ሆርሞን እያሳነሰው ይሄዳል። አሮጌው ረግፎ አዲሱ በበቀለ ቁጥር እየቀጠነ ሄዶ መጨረሻ ላይ ለዓይን አይታይም።"

አክስቴ አላስጨረሰቻትም። "ብንላጨውስ ዶክተር? ወፍሮ አይበቅልም?"

"አይ እማማ። ምላጭ ከቆዳው በላይ ያለውን ነው የሚቆርጠው። ሥሩን አይለውጠውም።"

አክስቴ እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። የመመንኮስ ጉዳይ እዚያች ክፍል ውስጥ እንዳለቀለት ገብቷት ነበር።

"ከማን ነው የወረሰው?" አለች ቆይታ።

"ከአባት ወገንም ከእናት ወገንም ሊመጣ ይችላል።"

"አባቴ ገና በወጣትነቱ ራሰ በራ ነበር፣" አለች። "እንግዲያው ከኔ ነው።"

ሐኪሟ ሁለት ነገር አዘዘች፤ ጠዋትና ማታ ራስ ላይ የሚቀባ ፈሳሽና በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን። "ያለህን ያቆዩልሃል፣ ከቀጠነውም ጥቂቱን ያወፍሩት ይሆናል። ጭራሽ ባዶ የሆነውን ግን ጫካ አያደርጉልህም። ስታቆማቸው ያተረፍከው ይሄዳል። ክኒኑ አንዳንድ ወንድ ላይ የአልጋ ፍላጎት ይቀንሳል፤ እንደዚያ ከሆነ ሳታፍር ንገረኝ።" እዚህ ላይ አክስቴ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። "ደግሞ ፈሳሹን እንደጀመርክ ጭራሽ ሊብስብህ ይችላል። አትደንግጥ። ደካማው ረግፎ ነው ሌላው የሚመጣው። ቢያንስ ግማሽ ዓመት ሳትጠብቅ አይሠራም አትበል።"

በአውቶቡስ ስንመለስ አክስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ሳዌንግ "ተይው እማ፣ ምን አደረግሽ?" አላት።

ሐኪሟ እንዳለችውም ሆነ፤ ፀጉሩ ትራስ ላይ ይቀር ጀመር። እሱ ግን ደነገጠ። ሁለት ወር ሳይሞላው ጠርሙሱን ከነክኒኑ ጣለው፣ አንድ ቃል ለማንም ሳይናገር። ከዓመታት በኋላ ስለ ፀጉር ንቅለ ተከላ ሐኪሟን ሊጠይቅ ተመልሶ ሄደ። ከኋላ ያለውን ፀጉር ከነሥሩ ወስደን ከፊት እንተክላለን፣ የተተከለው ይቆያል፤ ግን ፀጉር አንፈጥርም፣ ቦታ ነው የምናቀያይረው፤ አንተ ከኋላ የቀረህ ትንሽ ስለሆነ ያን ሁሉ ባዶ አይሸፍንም አለችው። "ታዲያ ምን ላድርግ?" ቢላት "ወይ እንዲሁ መኖር፣ ወይ ዊግ ማድረግ፤ ሁለቱም ነውር የለበትም" አለችው። ይሄን የነገረችኝ አክስቴ ናት። እሱ ለኔ ነግሮኝ አያውቅም።

ዊጉን አድርጎ የመጣ ቀን "መድኃኒቱ ሠራልህ?" አልነው። "ሠራ፣" አለ። አክስቴ ከኋላው ቆማ በዓይኗ እየለመነችን ነበር። እኛም "ጎሽ!" አልን።

ከዚያ ወዲያ የሚኒባሱን መስኮት ከፍቶ አያውቅም። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ቆይቷል፤ ተማሪዎቹ በላብ ርሰው ነው ትምህርት ቤት የሚደርሱት። ሞተር ብስክሌቱን ሸጠ። ሶንግክራን ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ውሃ እየተራጨ አዲሱን ዓመት ሲቀበል፣ እሱ ብቻ በበሩ ስንጥቅ ያይ ነበር። አንድ ዓመት ግን ደፍሮ ወጣ። ልጆቹ ሆዱን፣ እግሩን፣ ቢበዛ ደረቱን አራሱት። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚያው። "ሾፌራቸው ስለሆንኩ ይፈሩኛል" ይል ነበር እየኮራ። አንድ ሕፃን እንኳ ፈርቶት አያውቅም።

እሳቱ በሚነድበት ቀን ጠዋት፣ ጓሮ ሳህን ሳጥብ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"የወንድምሽ ልጅ ለምን አይመነኩስም?"

"ሟቿ የሱ እናት ናት እንዴ?"

"እኔ ራሴን ያመኛል።"

"ኧረ ባክህ! ምላጭ ፈርተህ ነው?"

ፊቱ ላይ ሐዘንም ቁጣም አይታይም። ከዚያ ድምፁን ሳይቀይር እንዲህ አለኝ፤ "ስለ እማ ምንም አይሰማኝም። እሞክራለሁ፣ አይመጣም። የሚታሰበኝ ፀጉሬ ነው። እናቱ ሞታ ስለ ፀጉሩ የሚያስብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?"

እናውቃለን፣ ሁላችንም ድሮ አውቀናል ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን አክስቴ እንዳንነግረው አስምላን ነበር፤ ሬሳዋ ደግሞ እቤት ውስጥ ነው። ሳህን አቀበልኩት። አጠበው። ሌላም አቀበልኩት።

ከቀትር በኋላ ሁላችንም ገዳሙ ግቢ ተሰበሰብን። ሳጥኑ አዳራሹ ውስጥ አበባ ተደርድሮበት ተቀምጧል። ሳዌንግ ይመጣል አይመጣም ብዬ ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም። እናቴም አልነቀለችም፤ ብቻ እሷ አያስታውቅባትም። ዘግይቶ መጣ። ነጭ ልብስ ለብሷል፣ ፀጉሩ በደንብ ተበጥሯል። ፍም ሊረግጥ የሚሄድ ሰው ይመስል ቀስ ብሎ መጥቶ ዛፉ ሥር የተዘጋጀው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የመጀመሪያውን ፀጉር የምትቆርጠው እናት ናት። እናት ስለሌለች እናቴ መቀሱን አነሳች። እኔ የሚቆረጠውን ለመቀበል የሎተስ ቅጠል ይዤ አጠገቡ ቆምኩ።

ሳዌንግ እጁን ወደ ግንባሩ ሰደደ። ጣቶቹ የዊጉን ጠርዝ ይፈልጋሉ። "አክስቴ..." አላት እናቴን በሹክሹክታ። "አክስቴ፣ ይሄ እኮ..."

"ዝም በል። አትንቀሳቀስ።"

እናቴ ከዊጉ አንዲት ዘለላ ይዛ ቆረጠች። ዓይኗን ጨፍና እህቷን መረቀች፣ ዘለላዋንም ቅጠሉ ላይ አኖረች። ቀጥሎ አጎቴ ቆረጠ። ቀጥሎ ጎረቤቶቹ። እኔም ቆረጥኩ፤ ያ የተገዛ ፀጉር መቀሱ ላይ ይንሸራተታል፣ አንዱን ዘለላ ሦስቴ ነው የሞከርኩት። ሳቄ መጥቶ ነበር፣ አልዋሽም፤ ጉንጬን ነክሼ መለስኩት። የሚኒባሱ ተማሪዎች ሳይቀሩ ተሰልፈው በየተራ ቆረጡ፣ አንዳቸውም አልሳቁም። ዊጉ አይጥ የበላው ባርኔጣ እስኪመስል ድረስ ቆረጥነው። ሳዌንግ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

አበምኔቱ ምላጫቸውን ይዘው መጡ። የዊጉን ጠርዝ በሳሙና ውሃ አራሱት፣ ማጣበቂያው እስኪለቅ ታገሡ፣ ከዚያ ዊጉን አንስተው ቅጠሉ ላይ ከዘለላዎቹ ጋር አስቀመጡት። ከጆሮው ወደ ኋላ የቀረችውን የራሱን ፀጉር ላጩ። ቅንድቡንም ላጩ። ስንት ዓመት ፀሐይ ያልነካው አናቱ ነጭ ሆኖ ወጣ።

የፈራው ነገር ይሄ ነበር፤ መጣና አለፈ። ፊቱ ግን አሁንም እንደደነዘዘ ነው።

ከላጩት በኋላ በውሃ ማጠብ የዘመድ ነው። እናቴ አበባ የተነሰነሰበትን ጎድጓዳ ሳህን አንስታ ከፊቱ ቆመች።

"ሳዌንግ፣ ቀና በል። እናትህ በየዓመቱ ሶንግክራን ሲቃረብ ምን ታደርግ እንደነበር ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ቤት ለቤት ትዞር ነበር። ደጁ ላይ ቆማ ልጆቹን ታስጠራለች። 'የኔን ልጅ ስታርሱ ከትከሻ በታች ይሁን፤ ራሱን እንዳትነኩት' ትላለች። ለየልጁ ከረሜላ ትሰጣለች። በመጨረሻው ዓመት ጉልበቷ ደክሞ፣ በዱላ ነው የዞረችው።"

ሳዌንግ አፉን ከፍቶ አያት። "ቤት ለቤት?"

"ቤት ለቤት። 'ከኔ ነው የወረሰው፣ እኔው እዞራለሁ' ትል ነበር።"

ያን ብላ ውሃውን አናቱ ላይ አፈሰሰችው። ውሃው ቅንድብ በሌለው ግንባሩ ላይ ሳይከለከል ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሳዌንግ አልጠረገውም። ከዚያ ከሆዱ የወጣ የለቅሶ ድምፅ አሰማ፤ እናቱ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ስንጠብቀው የነበረው ያ ነበር።

"አክስቴ፣ ይድገሙ፣" አለ።

ደገመች። እኔም አፈሰስኩ። ልጆቹ ከገዳሙ ጋን እየቀዱ ይሮጣሉ፣ አፍስሰው ተመልሰው ይሰለፋሉ፤ እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ "ጨምሩ፣ ጨምሩ" ይላቸዋል። አበምኔቱ ጊዜው እየሄደ መሆኑን ሁለቴ አስታወሱን፣ ከዚያ ተዉን።

የአክስቴ የካምፑን ሬሳ በዚያ ቀን ዘግይቶ ነው እሳት የገባው። ልጆቹ ውሃቸውን አልጨረሱም ነበር።