ለቁልቁለት የሚሆን ሸራ

ባለቤቴ ከሞተች ሦስት ወር ሆናት፤ ለሁለት ዓመቷ ልጃችን የቀረኋት እኔ ብቻ ነኝ።

የጭነት መኪናዬ ፍሬን አልይዝ ሲለኝ ነቀምቴ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት የፍሬን ሸራ አወጣልኝ።

«ለከተማ ነው ለቁልቁለት? ለስላሳው ድምፅ የለውም፣ ሲግል ግን ይከዳሃል። ጠንካራው ይጮሃል እንጂ ሙቀት ይችላል።»

«ለስላሳውን ስጠኝ፤ ጩኸት አልፈልግም። የፍሬን ዘይቱም ይቆየኝ።»

አጠገቤ የቆሙ የማላውቃቸው ሽማግሌ ሹፌር ሳቁብኝ።

«አንተማ ጠንካራውን ውሰድ! ዘይቱም ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ነው የሚወርደው። ትናንት የአንገር ጉቲን ቁልቁለት ላይ ተላልፈን የለ? ሚስትህ ዳሽቦርዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ‹ሱታ፣ ሱታ› ስትልህ በመስኮት ሰምቼ አሳዘነችኝ።»

ትናንት ብቻዬን ነበርኩ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ግን ቁልቁለት ባየች ቁጥር ዳሽቦርዱን በሁለት እጇ ይዛ በኦሮምኛ «ሱታ»፣ ቀስ በል፣ ትለኝ ነበር። ጠንካራውን ሸራና አዲስ የፍሬን ዘይት ገዝቼ ያኔውኑ ከሱቁ አጠገብ ባለ ጋራዥ አስገጠምኩ።

ከጋራዡ ከመውጣቴ በፊት እጄን ዘርግቼ የባዶውን ወንበር ቀበቶ አሰርኩ።