እርሳሱ ሲለቅ

ባሌ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲያሳምር ኖሮ አንድም ፎቶ ላይ ስሙ አልተጻፈም። ፎቶ ቤቱ የሌላ ሰው ነበር፤ ከፎቶው ጀርባ የሚመታው ማኅተምም የባለቤቱ። እሱ ከኋላ ክፍል፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ ጫፉ እንደ መርፌ በተሳለ እርሳስ ኔጌቲቭ ላይ ይሠራል። ኔጌቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ስለሆነ የፊት ጠባሳ ብርሃን መስሎ ይታያል። ያንን ብርሃን በእርሳስ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይሞላዋል፤ ፎቶው ሲታጠብ ጠባሳው የለም። ሰፈርተኛው «እርሳሱ» ይለዋል። እኔ ደግሞ ፊት ለፊት ባንኮኒው ጋ ደረሰኝ እጽፍ፣ ለደንበኛ ማበጠሪያና መስታወት አቀብል ነበር። የተጋባነውም እዚያው ተዋውቀን ነው።

ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ባለቤቱ ኔጌቲቮቹን ሊጥላቸው ነበር። ባሌ በካርቶን ሞልቶ ቤት አመጣቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልጋችን ሥር ናቸው።

አንድ ጠዋት አንዲት ወጣት ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። «ጋሼ፣ ፎቶ አንሺ ነኝ። በድሮ ፎቶ ቤቶች ላይ ኤግዚቢሽን እያዘጋጀሁ ነው። የእርስዎ ሥራ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ሥሩም ስምዎ ቢጻፍ ደስ ይለኛል» አለችው።

ሆዴ አልወደዳትም። እኔ ቆጣሪ አንባቢውን ሳይቀር መታወቂያ የምጠይቅ ሴት ነኝ። ባሌ ግን «ስምዎ» የምትለዋን ሲሰማ አለቀለት። በሰባ ዓመቱ ሸሚዝ ማስተኮስ ጀመረ።

ልጅቷ ሦስት ሳምንት ተመላለሰች። እኔም ድስት የማማስል መስዬ ዓይኔን አልነቀልኩባትም። ሙሽሮቹን፣ ያማሩትን ሁሉ ታልፋቸዋለች። የምታገላብጠው የሴቶች ጉርድ ፎቶ ብቻ፣ እሱንም በአንድ ዓመት ውስጥ የተነሱትን። አንድ ቀን ደግሞ «ጋሼ፣ ይሄ እርሳስ ይለቃል?» ብላ ጠየቀች።

«በአልኮል ይለቃል» አላት የዋሁ ባሌ።

ስትሄድ ጠብቄ፣ «የእጅህን ሥራ አጥፍታ የራሴ ነው ልትል ነው! አይታይህም?» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ አንዳንዴ እንኳ ሰው እመኚ!» ብሎ ተቆጣኝ።

በማግስቱ አንድ ኔጌቲቭ ደብተሯ ውስጥ ስትሸጉጥ እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። «ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ከቦርሳዋ አንድ ፎቶ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤታችን ማኅተም አለ።

«እናቴ ናት እትዬ። ያላት ፎቶ ይሄ ብቻ ነው። አምና ሞተች። ወንድሞቼ አባታችን አንድም ቀን እጁን አንስቶባት አያውቅም ይላሉ። እኔ ግን ትንሽ ልጅ ሆኜ ያየሁት አለ። ብነግራችሁ ትደብቁብኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

ባሌ ኔጌቲቩን ወስዶ መስኮቱ ጋ አዘንብሎ አየው። ከዚያ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ቀስ እያደረገ ጠረገው። እርሳሱ ሲለቅ በግራ ዓይኗ ዙሪያ ሰፊ ብርሃን ወጣ። ያ ብርሃን ሲታጠብ ምን እንደሚሆን ሦስታችንም እናውቃለን።

«ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል» አለ ባሌ። «ከሥራዬ ሁሉ የምኮራበት ይሄ ነበር።»

ልጅቷ ዓይኗን ጠረገች። «ይሄንን አጥቤ ከድሮው ፎቶ ጎን እሰቅለዋለሁ። ስምዎን ግን ካልፈለጉ አልጽፍም።»

ባሌ አርባ ዓመት የጠበቀው ስም ነው። «ጻፊው» አላት። «ከነአባቴ ስም ጻፊው።»

«ፎቶ የተነሳች ቀን ምን ሆነሽ ነው ብሎ የጠየቃት ሰው የለም?» አለች ልጅቷ።

ባሌ የሚያየው ኔጌቲቩን እንጂ ሰዎቹን አልነበረም። ፊት ለፊት የነበርኩት እኔ ነኝ።

«እኔ ጠይቄያታለሁ» አልኳት። «በር መታኝ አለችኝ። አይዞሽ፣ እሱ ያጠፋልሻል ብዬ ማበጠሪያ ሰጠኋት።»

ሰው የማላምነው ሴትዮ፣ ያን ቀን አመንኳት።