ወንዝ የምትገባ ካሜራ

ሶዶ ፎቶ ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን ካሜራ በእጄ አልነካሁም። አለቃዬ ጋሽ ሰይፉ ጨለማው ክፍል አስገቡኝና ከቀዩ አምፖል ሥር የተደረደሩ ሦስት ሳህኖች አሳዩኝ። በአንደኛው መድኃኒት ምስሉ ይወጣል፣ በሁለተኛው ይቆማል፣ በሦስተኛው ይጸናል። ከዚያ በኋላ ያለው እጥበት ነው፤ እሱ የእኔ ድርሻ ሆነ።

ሥራ ሲያበቃ ጣቶቼ ተጨማድደው የሽማግሌ ጣት መስለው ነበር። ጋሽ ሰይፉ አይተው ሳቁና፣ «ስማ ደስታ፣ ፎቶ ያለ ውሃ አይሠራም። ካሜራ ግን ውሃ ከነካው አለቀለት፤ ያኔ አንተም አብረኸው አለቀልህ» አሉኝ። ይህን ቃል ለብዙ ዓመት እንደ ሕግ ይዤው ኖሬያለሁ።

በፎቶ ቤታችን ማዕረግ ነበር። መጀመሪያ አጣቢ፣ ቀጥሎ ቆራጭ፣ ከዚያ አታሚ፣ በመጨረሻ አንሺ። አንሺ እስክሆን አራት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ መታወቂያ በሉት፣ ሰርግ በሉት፣ ምርቃት በሉት፣ ያላነሳሁት የለም። ፊልም ቀረ፣ ጨለማው ክፍልም የወረቀት ማስቀመጫ ሆነ። ቀጥሎ ስልክ መጣና ሁሉም ሰው አንሺ ሆነ። ለእኛ የተረፈን፣ ሰው ስልኩን ይዞ መግባት የሚፈራበት ቦታ ብቻ ነበር። ለእኔ ያ ቦታ ወንዝ ነው።

በእኛ አካባቢ የወንጌል አማኞች የሚጠመቁት ወንዝ ወርደው ነው። ተጠማቂው ነጭ ለብሶ እስከ ወገቡ ይገባል። ፓስተሩና ወንጌላዊው ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ኋላ ያስተኙትና ሙሉ በሙሉ ያጠልቁታል። ብቅ ሲል ዓይኑን ገልጦ የመጀመሪያውን ትንፋሽ የሚስብባት አንዲት ሰከንድ አለች። ቤተሰብ ግድግዳው ላይ ሊሰቅል የሚፈልገው ያችን ፊት ነው። ከዳር ቆሞ የሚያነሳ ሰው ግን የሚያገኘው የአገልጋዮቹን ጀርባ ነው። በዚህ ዞን የእኔን ያህል የፓስተር ጀርባ ያነሳ ሰው የለም።

ስለዚህ ውሃ አያስገባም የተባለ የኪስ ካሜራ ገዛሁ። በሱቁ መስታወት አይቼ፣ ሻጩ ያለኝን ሰምቼ፣ ሳልፈትን ነው የገዛሁት። ሻጩ ሲሸኘኝ፣ «የመዝጊያው ጎማ እንዳይደርቅ አደራ፤ ከደረቀ ውሃ ያሳልፋል» አለኝ።

የደረቀ ነገር በእኛ ቤት ምን እንደሚደረግ ይታወቃል። ፀጉር ቢደርቅ ቅቤ፣ ጠፍር ቢደርቅ ቅቤ፣ ቆጮ ጉሮሮ ቢይዝ ቅቤ። እኔም በባትሪውና በሚሞሪው መዝጊያ ዙሪያ ያለችውን ቀጭን ጎማ በጣቴ ጫፍ ለጋ ቅቤ ቀባኋት። ወዟን አይቼ በራሴ ሥራ ተደሰትኩ።

ያን ሰሞን አስቴር የምትባል የጉኑኖ ከተማ መምህርት እናቷ ስትጠመቅ እንዳነሳላት ቀጠረችኝ። እናትየው ወይዘሮ አማረች በሰልፉ ሦስተኛ ነበሩ። አሸዋው ላይ ተቀምጬ መዝጊያውን ከፈትኩ፣ ሚሞሪ አስገባሁ፣ ዘጋሁ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ወንዝ ገባሁ። የመጀመሪያውን ሰው አነሳሁ። ሁለተኛዋንም አነሳሁ። ወይዘሮ አማረች ሲጠልቁ የካሜራው መስኮት ከውስጥ አላበውና ጠቆረ። ሴትዮዋ እየሳቁ ብቅ አሉ። ፊታቸው ከእኔ ፊት ክንድ አይርቅም፤ ጣቴ ግን የሞተ ነገር ይጫናል።

ጠጋኙ ካሜራውን ሲከፍት መጀመሪያ ያለው፣ «ጋሽ ደስታ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው የሚሸተው?» ነበር። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ አሸዋውን ሁሉ ለቅሞ ይዞታል፤ ውሃውም በአሸዋው መሃል መንገድ አግኝቷል። ሚሞሪው ተረፈ። በውስጡ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ወይዘሮ አማረች ግን የሉም።

አስቴር አልተቆጣችም። «ምን ይደረግ ጋሽ ደስታ፣ ሌላ ቀን ሌላ ፎቶ ያነሷታል» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዓመቱ ሳይዞር ወይዘሮ አማረች ታመው ኦቶና ሆስፒታል ገቡ፤ ከዚያም አልተመለሱም። እኔ ከቀብሩ በኋላ አስቴርን ገበያ ላይ ሳያት መንገድ አቋርጬ የማልፍ ሰው ሆንኩ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም።

አንድ ጠዋት ራሷ ፎቶ ቤት ድረስ መጣች። አባቷ አቶ ባሳ ለመጠመቅ እሺ ማለታቸውን ነገረችኝ። አቶ ባሳ ሚስታቸውን ለስንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ እየሸኙ፣ እሳቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚጠብቁ ሰው ነበሩ።

«እርስዎ ነዎት የሚያነሱልኝ» አለች።

«ሌላ ሰው ፈልጊ አስቴር። እኔ የእናትሽን እንኳ...»

«ሌላው ሰው ከዳር ነው የሚቆመው። እርስዎ ገብተው ነበር።»

ከዚህ በኋላ እምቢ የሚል አፍ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛውን ካሜራ ልገዛ ስሄድ የቤቴን ሳፋ በብብቴ ይዤ ነበር። ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ሻጩ አራት ካሜራ ደረደረልኝ። ዙም ሲደረግ ሌንሱ ወደ ፊት የሚወጣውን ወዲያው መለስኩ፤ የሚወጣና የሚገባ ነገር ባለበት ክፍተት አይጠፋም። ሁለተኛው ካርቶን ላይ ውሃ ቢረጭበት ይችላል ይላል እንጂ ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ አይናገርም። መረጨትና መጥለቅ ለየቅል ናቸው፤ እሱንም መለስኩ። ሦስተኛውን ወንዝ ውስጥ እንዳለሁ አድርጌ ሳላይ በጣቴ ዳሰስኩት፤ የፎቶ ማንሻ መጫኛዋ የምስር ፍሬ አክላ ከጣቴ ሥር ጠፋችብኝ። አራተኛዋ ቢጫ ነበረች፤ ሌንሷ ከመስታወት ኋላ የተደበቀ፣ መጫኛዋ ወፍራም፣ መዝጊያዋ ሁለት ጊዜ ካልተቆለፈ ምልክቱ ቀይ የሚያሳይ።

«ውሃ አምጣ» አልኩት፤ ሳፋውን ባንኮኒው ላይ እያስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ለማን?»

«ለእሷ።»

«አዲስ ዕቃ እኮ ነው! ከተበላሸ እኔን ነው የሚበሉኝ!»

«እኔን አንዴ በልተውኛል። አምጣ።»

በባትሪው ቦታ ሶፍት አጥፌ አስገባሁ፣ ቆለፍኩ፣ ሳፋው ውስጥ ከተትኳት። መንገደኛው ተሰበሰበ። አንድ ባጃጅ ነጂ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ መጣ። ሻጩ አረፋ ይወጣ እንደሆነ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሳይጸልይ አልቀረም። አወጣኋት፣ በፎጣ አደረቅኋት፣ ከፈትኩ። «ደረቅ ነው! ሶፍቱ ደረቅ ነው!» ብሎ የጮኸው እሱ ነው። ልወጣ ስል ሳፋውን እንድተውለት ለመነኝ፤ ለሌላው ደንበኛ ሊያሳይበት።

ቤት ስገባ ጎማውን በንጹህ ደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠረግኩ። ቅቤው ያለበትን መደርደሪያ ዞር ብዬም አላየሁ። ካሜራ ይሰጥማልና ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ላይ ስፖንጁን ቆርጬ ማንጠልጠያዋ ላይ አሰርኩ።

የቀረው ፓስተሩን ማስፈቀድ ነበር። ፊት ለፊታቸው ውሃ ውስጥ ልቆም እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ግባ፤ ነጭ ብቻ እንዳትለብስ። በስህተት አንተንም እንዳናጠልቅህ» አሉኝ።

በቀኑ አቶ ባሳ ዳር ላይ ሲያዩኝ ፈገግ አሉ። ወላይትኛ እንደምችል እያወቁ ከእኔ ጋር የሚያወሩት በተሰባበረ አማርኛቸው ነው፤ ፎቶ ለእሳቸው የመታወቂያ ጉዳይ፣ መታወቂያም የቢሮ ጉዳይ ነው። «ዛሬ ለካሜራ ቅቤ አልሰጠህም አይደል?» አሉኝ። ወሬው ጉኑኖ ደርሶ ኖሯል! ሕዝቡ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አማረች ቀድሞኝ ገባ። እኔ ዘገየሁ» አሉ።

ዝናብ ስለነበር ወንዙ ደፍርሶ ደረቴ ድረስ ደረሰ። አንድ የቸገረኝ ነገር ነበር፤ ሌንሱ ላይ ጠብታ ከቀረ ፊቱን ያበላሻል። መላው አብሮ መጥለቅ ነው፤ ውሃው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ፓስተሩ አቶ ባሳን ሲያስተኙ እኔም ካሜራዬን ይዤ እስከ አንገቴ ወረድኩ። አብረን ብቅ አልን። መጫኛውን ተጫንኩ።

ሽማግሌው ግን ግዙፍ ሰው ናቸው። ከአገልጋዮቹ እጅ አምልጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ሲወረውሩ ክርናቸው እጄን መታው። ካሜራዋ በረረች። መዝሙሩ ቆመ። ከዚያ ከታች በኩል ቢጫ ነገር ብቅ አለ፤ ከነነጠላ ጫማዋ እየተንሳፈፈች ትሄዳለች።

አስቴር ከነጫማዋ፣ ከነቀሚሷ ዘላ ገባችና ያዘቻት። አንዱ ዘማሪ ከዳር፣ «ውሃ ገብቶ ይሆናል፣ ክፈቺው!» አለ።

«እንዳትከፍቺው!» ብዬ ጮህኩ። ወንዝ ዳር እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ተቀበልኳትና ውሃውን አራገፍኩ። መዝጊያዋን ሳልነካ ምስል ማሳያውን ተጫንኩ። አለች! አቶ ባሳ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ውሃው ከቅንድባቸው እየወረደ፣ አፋቸውን ከፍተው እየሳቁ ቀጥታ ያዩናል። የማንም ጀርባ የለም። እኔ ራሴ እልል አልኩ፤ ወንድ እልል ይላል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አስቴር ግን ምስሉን አተኩራ አየችው። «እናቴስ? ያን ቀን ስትወጣ ፊቷ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። የወይዘሮ አማረችን ፊት ከፊት ያየሁት እኔ ነበርኩ፤ ሌላው ሁሉ ከዳር ነበር። «ልክ እንደዚህ እየሳቁ ነው የወጡት። ልክ እንደዚህ» አልኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ አባቷም እርጥብ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣሉ።

ፎቶውን በትልቁ አተምኩት። ጋሽ ሰይፉ አሁን አርጅተው ጠዋት ጠዋት ፎቶ ቤቱ ውስጥ ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«የት ቆመህ ነው?»

«ውሃ ውስጥ ጋሼ።»

«ካሜራውስ?»

«እሷም ውሃ ውስጥ።»

ተነሱ። ከበሩ መስታወት ላይ ራሳቸው ያነሷትን፣ ለዓመታት የተሰቀለችውን ሙሽራ አወረዱና አቶ ባሳን በቦታዋ ሰቀሉ። በዚያ ቦታ የእኔ ሥራ ሲሰቀል የመጀመሪያው ነበር።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። ካሜራ ስትገዙ ለምትቆሙበት ቦታ የሚሆነውን ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት በሳፋ ፈትኑት። ከውሃ ሲወጣ ሳይደርቅ አትክፈቱት። ጎማውን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉት፤ ቅቤ አትቀቡት።