በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት መካከል የሚነሣው አውሎ

ነገሌ ቦረና የአየር ሁኔታ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊዬ አቶ ታደሰ በአውሮፕላን ማረፊያው ጥግ ወደቆመው ነጭ የእንጨት ሳጥን ወሰዱኝ። ቴርሞሜትሮቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። «ንባብ በአሥራ ሁለት፣ በሦስት፣ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉኝ። «አምስት ደቂቃ ያሳለፈ ተመልካች፣ ተመልካች አይባልም።» ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ማዕረጌ ረዳት ተመልካች ነበር። ያነበብኩትን በቅጹ እሞላለሁ፣ አቶ ታደሰ ይፈርማሉ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው ወደ አዲስ አበባ ያስተላልፋል። ቅጹ ለአውሎ ነፋስም ዓምድ አለው። የሚሞላው ግን አውሎው በንባቡ ሰዓት ወይም ከዚያ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ከታየ ብቻ ነው።

የጣቢያው ዘበኛ ጋሽ ጉዮ የቦረና ሰው ነበሩ፤ ከብታቸው በድርቅ አልቆባቸው ነው ከተማ የገቡት። አንድ የየካቲት ቀን ምሳ በልተን ጥላ ይዘን ተቀምጠናል። ነፋስ የሚባል የለም። ድንገት ከከብት ገበያው ሜዳ ቀይ አቧራ እየተሽከረከረ ተነሣና ከግራሩ በላይ ወጣ። የአንዱን ነጋዴ የሸራ ዳስ ነቅሎ ሄደ።

«የዚህ ቡቤ፣ የዚህ አውሎ፣ ቤቱ እዚያ ነው» አሉኝ ጋሽ ጉዮ። «ቦና፣ በጋው፣ ሲያልቅ ይመጣል፣ ዝናብ ሳይገባ። ሰማይ ንጹሕ ሲሆን፣ ነፋስ ዝም ሲል። ከብት ረግጦ ሣር ያጠፋው መሬት ላይ ነው የሚነሣ። ሣር ካለ አይነሣም። አንተ ጻፈው።»

ሦስት በጋ ተከታተልኩት። ሽማግሌው አልተሳሳቱም። ከሰባት ሰዓት እስከ ስምንት ግድም ይነሣል፤ ሁልጊዜም ከዚያው ራቁት ሜዳ። ለአቶ ታደሰ ነገርኳቸው።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያየኸው?»

«ሰባት ተኩል ላይ።»

«ንባባችን በስድስትና በዘጠኝ ነው። ስለዚህ አልታየም።» ቀጥለውም አስተማሩኝ፤ ዋናው አውሎ በባሕር ማዶ፣ በሰፋፊ ሜዳዎች፣ በጸደያቸው ከሰዓት በኋላ፣ ሞቃት እርጥብ አየር ከደረቅና ከቀዝቃዛ አየር ሲጋጠም ከነጎድጓድ ደመና የሚወርደው ነው። «ይኼ ከመሬት የሚነሣ አቧራ ነው። ቅጹን አታቆሽሽ» አሉኝ። አላቆሸሽኩም። እንዲያውም በንጹሕ ቅጼ እኮራ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዚያ አንድ መሃንዲስ መጣ። የጤና ጣቢያ የሚሠራበት ቦታ እየመረጠ ነበር፤ የከብት ገበያው ሜዳ ለጥ ያለ ስለሆነ ወዶታል። አቶ ታደሰ ለሥራ ያቤሎ ሄደው ስለነበር የጠየቀው እኔን ነው። «እዚህ ቦታ ጣራ የሚያነሣ ነፋስ አለ?» አለኝ። የሦስቱን ዓመት መዝገብ ገልጬ «አልተመዘገበም» አልኩት። ውሸት አልተናገርኩም። ያየሁትን ግን ዋጥኩት፤ ከመዝገብ ውጭ ተናገርክ እንዳልባል ፈርቼ። ጋሽ ጉዮ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

ጤና ጣቢያው ተሠራ። ነፋስ የለም ስለተባለ የቆርቆሮው ምስማር ተራርቆ ተመታ። በሚቀጥለው የካቲት፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአየር ሁኔታ ጣቢያው ደጃፍ ሆኜ አቧራው ከሜዳው ሲነሣ አየሁ። በረንዳው ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። ጣራው እንደ ድስት ክዳን ብድግ አለና ተበታተነ። የጋሽ ጉዮ ልጅ ዳርሚ ትኩሳት የያዘውን ሕፃኗን ደረቷ ላይ ደፍታ አቅፋው ተገኘች። ሕፃኑ ተረፈ። እሷን ቆርቆሮው አንገቷ ላይ አግኝቷት ነበር።

ሬሳዋን አንሥተን ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሳጥኑን ከፍቼ አነበብኩ። ሰማይ፦ ንጹሕ። ነፋስ፦ ጸጥታ። አውሎ፦ የለም። እንደ ደንቡ ትክክል ነበር። ሞላሁት።

ጋሽ ጉዮ ከቀብሩ በኋላ ሥራቸው ላይ ተመለሱ። «አካም» ብዬ ደኅንነታቸውን ስጠይቅ «ናጋ»፣ ሰላም፣ አሉኝ፣ እንደ ወትሮው። አላስቻለኝም። «ጋሽ ጉዮ፣ ለመሃንዲሱ አልተመዘገበም ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። በሩ ላይ ነበርኩ። እኔ ልነግረው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። የወረቀት ሰው የዘበኛ ወሬ አይሰማም ብዬ ተውኩት። አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ።»

ከዚያ ወዲያ አውሎ ባየሁ ቁጥር በቅጹ ኅዳግ ላይ ጻፍኩ። አቶ ታደሰ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ገሠጹኝ፤ እኔም መጻፌን አልተውኩም። ዛሬ በጣቢያ ላይ ላላችሁ፦ ያያችሁትን ከነሰዓቱና ከነቦታው ጻፉ፤ ዓምድ ከሌለው በኅዳጉ ጻፉት። ሰው ሲጠይቃችሁ ደግሞ መዝገቡን ከመግለጣችሁ በፊት ያያችሁትን ንገሩት።