የተጠየቀው አስተርጓሚ

ዳልጮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰባኪ ጎን ቆሞ ኖሯል። ሶዶ ውስጥ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን በአማርኛ የሚሰበከውን ወደ ወላይትኛ የሚመልሰው እሱ ነው። ሰባኪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከፍ ያደርጋል፤ እጁን ሲዘረጋ ይዘረጋል። እንባ ከመጣም አብሮ ያለቅሳል።

ኮሮና መጥቶ ቤተ ክርስቲያኑም እሱ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤትም ሲዘጉ ዳልጮ ግቢው ውስጥ ቀረ። በሁለተኛው ወር ይሁን በሦስተኛው፣ አንድ ጠዋት በር ላይ ከተቀመጠው ጀሪካን ሲታጠብ፣ እጆቹ የሌላ ሰው መሰሉት። አልደነገጠም። አገላብጦ አያቸው።

"እታፈራሁ፣ ነይ እስቲ! ይሄ እጅ የማን ነው?" አላት ሚስቱን።

"የሰነፍ ነዋ! ታጥቦ ካበቃ እንጨት ይፍለጥበት።"

ፈለጠ። ግን የሚፈልጠውን ሰውዬ አጥሩ ጥግ ቆሞ የሚያየው መሰለው። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ይከታተለው ጀመር። ሲበላ፣ ጢሙን ሲላጭ፣ ደጅ ወጥቶ የዳሞታን ተራራ ሲያይ፣ መቼ እንደሚመጣበት፣ መቼ እንደሚለቀው ልብ ይላል። ለእታፈራሁ ግን ደግሞ አላነሳላትም። አእምሮውን ነካ አድርጎታል ከተባለ፣ ማን አጠገቡ አቁሞት ይሰብካል?

ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈት ሰው ተራርቆ፣ አፉን ሸፍኖ ተቀመጠ። የዕለቱ ሰባኪ መጋቢ ታምራት ከሌላ ከተማ የመጡ ናቸው፤ ወላይትኛ አይሰሙም። ዳልጮ ደህና ጀመረ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ ግን የእሱ እጅ አልተነሳም። ማይክ ይዞ የሚያስተረጉመውን ሰውዬ ከኋለኛው ወንበር ሆኖ የሚመለከተው መሰለው። አሁን ምን ያደርግ ይሆን እያለ ዝም አለ።

መጋቢው ጠበቁ። ቢጠብቁ ቢጠብቁ ድምፅ የለም።

"ወንድሜ፣ ደህና ነህ?" አሉት በማይክ።

ዳልጮም ወደ ጉባኤው ዞሮ ጥያቄውን አንድም ሳያስቀር ተረጎመው።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌው ጋሽ አንጁሎ፣ "እኛማ ደህና ነን! አንተን ነው የጠየቁህ፣ አንተ ሰውዬ!" አሉ በወላይትኛ።

ዳልጮ ለመመለስ ዘገየ፤ ከሌላ ሰው አፍ የሚቀበለው ቃል አልነበረም። በመጨረሻ በወላይትኛ፣ "እኔ እንጃ፤ ቤት ከተቀመጥኩ ጀምሮ ሰውነቴን ከውጭ ሆኜ ነው የማየው" አለ።

ሳቁ ቆመ። እታፈራሁ ከሴቶቹ መሀል ቀና ብላ አየችው። ጋሽ አንጁሎ የአፍ መሸፈኛቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔ ደግሞ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ቤቴ ነው የሰው ቤት የሚመስለኝ። ራሴ ያቆምኩት ቤት!"

"ምን አሉ?" ብለው ጠየቁ መጋቢው።

"አንድ ጊዜ ይታገሡኝ፣ መጋቢ።" ዳልጮ ከመድረኩ ጫፍ ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለ። "ጋሼ፣ ሁሉም ክፍል ነው ወይስ ጓዳው ብቻ?"