የዛገው በርና የእናቴ ጠበል

ያንን በር ስንት ጊዜ በእርግጫ እንዳልሁት እሱና እግሬ ያውቃሉ። የሾፌሩን በኩል ማለቴ ነው። ለመክፈት ወደ ላይ ብድግ አድርጌ፣ በትከሻዬ ገፍቼ፣ ከዚያ በድንገት መሳብ ነበረብኝ። ለመዝጋት ደግሞ ሁለት ጊዜ ማላተም። ባላተምሁት ቁጥር ከታች ቡናማ ዱቄት ሱሪዬ ላይ ይረግፋል። ደህና ሰው ከመኪናው ሲወርድ ጫማውን ያራግፋል፤ እኔ በሬን ሳራግፍ ኖርሁ።

መኪናዋ አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። ከመራዊ ሽንኩርትና ጌሾ ጭኜ ባሕር ዳር አራግፋለሁ፤ እንጀራዬ እሷ ናት። በሯ ዛገ ብለህ ሌላ በር እንዳትፈልግ ዘመኑ የደርግ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካልሆንህ ለመለዋወጫ ወረፋ የለህም፣ ወረፋ ቢኖርህም ዕቃው የለም፣ ዕቃው ቢኖርም ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። እኔ ታዲያ በምን ልናደድ? በስብሰባው ላይ መናደድ ያሳስራል። በበሩ ላይ ተናደድሁ።

ዓባይ ማዶ በምትገኝ የቀበሌ ቤት የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። አባቴ ድጓ ያስተማሩ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ ሞተዋል። ታላቅ ወንድሜ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ከርሟል። እናቴ ለእሱ ምንም ማድረግ ስላልቻሉ ጭንቀታቸውን ሁሉ እኔና መኪናዋ ላይ አሳረፉት። “አንዱ በጦር፣ አንዱ በመንገድ” ይላሉ። በየወሩ፣ በማርያምም በጊዮርጊስም፣ ሐይቁ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን በጠርሙስ ጠበል ይዘው ይመጡና መኪናዋን ይረጫሉ። ጎማውን፣ መስታወቱን፣ ከሁሉ አብልጠው ደግሞ እኔ የምቀመጥበትን በር። እረፍ ብላቸው አይሰሙም። “አንተ የኔ ጉድ፣ ወዲህ ቅረብ፣ ላንተም ይድረስህ” ብለው ፊቴን ያረጥቡልኛል።

በሩ ሲበሰብስ እንግዲህ ማንን ልጠርጥር? ውሃ ብረት ይበላል፤ እናቴ በሩ ላይ ውሃ ያፈሳሉ። አለቀ። ሂሳቡ ቀላል መሰለኝ።

ክረምት ነው፣ ሐምሌ። ጭነቴን አራግፌ ወደ ቤት ስመለስ የዓባይ ድልድይ ላይ ወጣሁ። ድልድዩን ወታደር ይጠብቀዋል፤ እዚያ ላይ መኪና ማቆም ክልክል ነው፣ ቀና ብሎ ማየትም ደስ አይላቸውም። መሐል ላይ ስደርስ ከታች “ሿ” የሚል ነገር ሰማሁ፤ ከዚያ “ኳ!” የበሩ የታችኛው ላሜራ ከነዝገቱ ተገንጥሎ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ትቼው መሄድ ነበረብኝ። ግን ላሜራ ከየት ይገኛል? ፍሬን ያዝሁ።

ፊሽካ ተነፋ። “ቁም! እጅ ወደ ላይ! ምን ጣልህ?”

“ዝገት ነው ጓድ!” አልሁ።

“ምን?”

“ዝገት! የበር ዝገት!”

የቀለድሁበት መሰለው መሰለኝ አንበረከከኝ። እርጥብ አስፋልት ላይ፣ እጄን ራሴ ላይ ጭኜ። ከኪዳን የሚመለሱት ሴቶች፣ የእናቴ ማኅበርተኞች፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እያዩኝ አለፉ። ሳል የያዘው የወታደሩ አለቃ መጥቶ ላሜራውን በቦት ጫማው ቢነካው እንደ ቂጣ ተሰበረ። ሳቀ። ወታደሩም ሳቀ። “ይቺን ነው የምትነዳት? ሂድ፣ ሬሳህን አንሣ” አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ስብርባሪውን ለቅሜ፣ በተቀደደው በር የሚገባው ንፋስ እግሬን እየገረፈኝ፣ አንጀቴ አርሮ ቤቴ ደረስሁ።

የጊዮርጊስ ዕለት ኖሯል። እናቴ ጠርሙሳቸውን ይዘው ደጅ ይጠብቁኛል። የሆነውን አያውቁ፣ ገና ሞተሩን ሳላጠፋ “እሰይ፣ በሰላም አገባህ” ብለው ጠበሉን በሩ ላይ ረጩ። ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ቆሟል።

ዘልዬ ወረድሁና “ተይኝ!” ብዬ ጮህሁ። “በሩን የበላው ጠበልሽ ነው! ጠበልሽ!”

በእኛ ቤት አባትና እናት እርስዎ ናቸው። ይህን አባቴ በአርጩሜ ነው ያስተማሩን፤ ተኝተን ስንቃዥ እንኳ “እርስዎ” እያልን ነው የምንቃዠው ብሎ ወንድሜ ያፌዝ ነበር። እናት አንተ ትላለች፣ ልጅ እርስዎ ይላል። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ በሰው ፊት፣ ሽ አልኋቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ካፍ ከወጣ አፋፍ።

እናቴ አልተቆጡም። ጠርሙሱን ቀስ ብለው ከደኑት።

“ይግቡ፣ ምሳዎ ይቀዘቅዛል” አሉ።

እንግዳ ያለ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞርሁ። ከኋላዬ ከጎረቤት በግ በቀር ማንም የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ “ደህና አደሩ?” ሆነ። “ጋቢዎን ይደርቡ፣ ብርድ ነው።” “ደህና ይዋሉ።” እኔን! የወለዱኝን! በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጥፊ አንድ ጊዜ ነው። ይህ ግን ጠዋትም ቀትርም ነው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ምግቡ ሳይጎድል፣ ልብሴ ሳይታጠብ ሳይቀር። መኪናዋ ውስጥም መግባት ተዉ። በዚያ ዝናብ፣ ጉልበታቸው እየሰነከለ፣ ድልድዩን በእግራቸው ተሻግረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከኋላ ደርሼ ጥሩንባ ስነፋ ዳር ይዘው ያሳልፉኛል፣ እንደማንም መኪና።

ይቅርታ ልጠይቅ? እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ፣ እልኹን ከማን ወረስሁት? ሽ ማለቴ ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ፤ ጠበሉ በሩን መብላቱ ግን እውነት ነው፣ እውነት ተናግሬ ምን በወጣኝ? አልሁ። በሩን አስከፍቼ፣ ዝገቱን በባትላሜራ አፍ አስመስክሬ፣ “ይኸው፣ ይዩ” ልላቸው ፈለግሁ። ከዚያ ወዲያ አንተ ብለው ይሰድቡኛል፣ እንታረቃለን። እንዲህ ነበር ያሰብሁት። ከንቱ!

ፋሲሎ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ነበሩ፤ ላሜራ መቀጥቀጥ፣ መበየድ ያውቁበታል። በሩን ነቅለው፣ የውስጥ ሽፋኑን ፈትተው ገለበጡት። ጭቃ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ገንፎ የመሰለ ዝገት ዘረገፈ።

“ጠበል ነው እንዲህ ያደረገው” አልኋቸው ቀድሜ። “እናቴ በየወሩ ይረጩታል።”

“ኧረ እባክህ! የወር ሙሉ ጠበል ከዚህ አገር የአንድ ቀን ዝናብ ይበልጣል? ዝናቡ በመስታወቱ ጥግ ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል፣ አይቀርም። ለዚህ ብሎ ነው ፋብሪካው ከታች ሦስት ቀዳዳ የሚተውለት፤ በዚያ ይፈሳል። ያንተን ምን ነካው?” ብለው ካቻቪቴ ሰደዱና ቆፈሩ። ተጠቅልሎ የደረቀ ነገር ወጣ። ጨርቅ ነው፣ በሰም የተነከረ ጨርቅ። አሸተቱት። “በስመ አብ! የጧፍ ሰም! ይህን የደፈነው ማነው? እናትህ ናቸው?”

እኔ ነኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ረስቼው ነበር። በበጋ፣ የመራዊ መንገድ አቧራ ካቢናውን ሲሞላው፣ ከበሩ ሥር ቀዳዳዎቹን አየሁና “ይኸው፣ አቧራው የሚገባው በዚህ ነው! ፋብሪካው ሳይደፍነው የረሳው!” አልሁ። እናቴ ለጧፍ መሥሪያ ከሚያስቀምጡት ሰም ጠየቅሁ። ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁኝ “ውሰድ፣ ላንተ የማይሆን ምን አለኝ” ብለው ሰጡኝ። ጨርቅ ነክሬ፣ በመዶሻ ጠቅጥቄ፣ ሦስቱንም ቀዳዳ ደፍኜ በብልሃቴ ኮራሁ። እሳቸው ከላይ ጠብታ ይረጫሉ፤ እኔ ከታች የክረምቱን ውሃ አቁሬ እዘጋለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው አሁንም ያዩኛል። “እናትህ ናቸው?”

“አዎ” አልኋቸው።

አልሁ! ሞኝ እንዳልባል፣ በእናቴ ላይ ደገምሁት። ሽማግሌውም “እማማ መቼም! ጠበሉ አልበቃ ብሏቸው ሰሙንም!” ብለው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያበግነኛል። በዓባይ ድልድይ ላይ የሳቁብኝን ሁለቱን ወታደሮች ምሬያቸዋለሁ፤ ፋሲሎ አብሮ የሳቀውን ሰውዬ፣ ራሴን፣ አልምረውም።

በሩን ከዘይት በርሜል በቆረጡት ላሜራ ጠገኑልኝ። ቀለሙ አንድ አይደለም፣ ግን ይዘጋል። በአንድ እጅ፣ ያለ ትከሻ፣ ያለ እርግጫ ይዘጋል። መንገዱን ሁሉ እየተራገምሁ፣ እጄን ሳልታጠብ፣ ያንን የሰም ጥቅል ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ ምስር ይለቅማሉ። ፊታቸው ተንበረከክሁ።

“ቀዳዳውን የደፈንሁት እኔ ነኝ። በሩን ያዛገው ጠበልዎ አይደለም። ዛሬ ደግሞ ለሰውየው እርስዎ እንደ ደፈኑት አድርጌ ዋሸሁ። ይማሩኝ።”

ሰሙን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። “ሰሙ የኔ ነው” አሉ። ከዚያ “እግዜር ይቅር ይበልዎ። እኔም ይቅር ብዬዎታለሁ” አሉኝ።

ብዬዎታለሁ! ደሜ ፈላ። “እንዲህ ያለ ይቅርታ አልፈልግም!” ብዬ ጮህሁ። “ይስደቡኝ! አንተ ደደብ ይበሉኝ፣ አንተ ውሸታም ይበሉኝ፣ ከፈለጉ በዚያ ጠርሙስ አናቴን ይበሉኝ! ልጅዎ አይደለሁም ወይ?”

“ኧረ ምን ቆርጦኝ!” አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው። “ትልቅ ሰው ይሰደባል?”

ተነሡና ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ማስታጠቢያ፣ ንጹሕ ፎጣ ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ይዘው መጡ። እጄ እስከ ክርኔ ዝገት ነበር። ፊቴ ቆመው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ዝቅ አሉና፣

“እጅዎን” አሉኝ።